ከሴባስቶፖል እስከ ገልባጭ ተሳቢ፤ የጭነት ታሪክ በአምባሰልና በአካባቢው

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አበው። ይህ አባባል በኅብረት ሥራ ማኅበራት ስብሰባ ላይ ሲጠቀስ ብዙውን ጊዜ የሚወሳው ስለ መተባበር ነው። አባባሉ ግን ስለ ሸክምም የተነገረ ነው። እንደሚታወቀው አርሶ አደሩ ከማረስና ከማረም ባልተናነሰ ጉልበቱን የሚያፈሰው በማጓጓዝ ላይ ነው። ዘር ወደ ማሳ፣ ነዶ ወደ አውድማ፣ እህል ወደ ጎተራና ወደ ገበያ፣ ማዳበሪያ ከመጋዘን ወደ ቤት፣ ድንጋይ ወደ እርከን፣ አሸዋ ወደ ግንባታ ቦታ መድረስ አለበት። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው ጀርባ ሲሆን ሸክም ነው፤ በጋራ ሲሆን ግን ሌላ መልክ ይይዛል።

የአምባሰል ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌ ከደሴ ተነስቶ በሐይቅ በኩል ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በመሆኑም የአገራችን የጭነት ታሪክ ትልልቅ ምዕራፎች በዚህች ከተማ በራፍ ወይም በአቅራቢያዋ አልፈዋል። ዛሬ ደግሞ በትራክተር የሚጎተት ገልባጭ ተሳቢ ለማኅበራት አንዱ አማራጭ ሆኗል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያለፈውን በአጭሩ አስታውሶ፣ ለግዢውና ለአጠቃቀሙ የሚረዳ ትምህርት ማቅረብ ነው።

የጀርባና የአጋሰስ ዘመን

መኪና ከመምጣቱ በፊት የወሎ ጭነት በሰው ጀርባ፣ በአህያ፣ በበቅሎ፣ በአጋሰስና በግመል ይጓዝ ነበር። እህሉ በስልቻና በአቅማዳ ይሞላል፤ በመጫኛም ጠብቆ ይታሰራል። ደጋው የአህያና የበቅሎ፣ ቆላው የግመል አገር ነበር። ባቲን የመሰሉ ገበያዎች ስማቸው የገነነው ከአፋር ሜዳ የሚመጣው ግመልና ከደጋ የሚወርደው አህያ የሚገናኙባቸው በመሆናቸውም ጭምር ነው።

የጋማ ከብት ትልቁ ጥቅም መንገድ አለመጠየቁ ነው። አንድ እግር የሚያስገባ ቀጭን ዱካ ካገኘ ያልፋል። ጉድለቱ ደግሞ የሚይዘው መጠን አነስተኛ መሆኑ ነው። ዳገት በበዛበት አገር አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ያህል ይዛ ብትጓዝ ደህና ሠርታለች። አህያ የሌለው ቤተሰብ ደግሞ በጀርባው ይሸከማል። በተለይ ውኃ፣ እንጨትና ወደ ወፍጮ የሚሄድ እህል በአብዛኛው የሴቶችና የልጆች ሸክም ነበር፤ በብዙ ቀበሌዎች ዛሬም ከጀርባቸው አልወረደም።

ሴባስቶፖል፤ ከጭነቱ በፊት መንገዱ

በዚህ አካባቢ በመንኮራኩር ላይ ሆኖ ከተጎተተ ጭነት ሁሉ ስመ ጥር የሆነው የዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ ነው። መድፉ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት በአውሮፓውያን ባለሙያዎች የተሠራ ሲሆን ክብደቱ ወደ 7 ቶን ወይም ወደ 70 ኩንታል ይገመታል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነስተው መቅደላ የደረሱት በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ነው። ጭነት ያልያዘ እግረኛ በቀናት የሚጨርሰው መንገድ ስድስት ወር ገደማ ፈጀ።

ጊዜውን የበላው የመንገዱ ሥራ ነበር። በዋድላና በደላንታ ደጋ፣ በጂዳና በበሽሎ ሸለቆ ለጋሪ የሚሆን መንገድ አልነበረም። በመሆኑም ሠራዊቱ ገደል እየናደ፣ ድንጋይ እየፈነቀለ መንገድ ይሠራል፤ ከዚያም በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች መድፉን ይጎትታሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ ያነሱ እንደነበር በጊዜው የነበሩ የውጭ ሰዎች ጽፈዋል። ሽቅብ መጎተት ብርቱ ድካም ነው። ቁልቁል መውረድ ግን ከዚያ ይብሳል፤ 70 ኩንታል ብረት ቁልቁለት ላይ ካመለጠ የሚያቆመው የለምና።

በሌላ በኩል ከዙላ ወደብ የተነሳው የጄኔራል ናፒየር ጦር ከባድ መድፎቹን ያመጣው ከህንድ ባስመጣቸው 44 ዝሆኖች ጀርባ ላይ ነው። በቅሎውና ግመሉማ በሺህ የሚቆጠር ነበር። ሁለቱም ወገኖች መቅደላ የደረሱት ጭነትን ከመንገድ ጋር አስማምተው ነው። አንደኛው ለጭነቱ መንገድ ሠራ፤ ሌላው ለመንገዱ የሚሆን አጋሰስ መረጠ። ከሁለቱ አንዱን ሳያደርግ ከባድ ጭነት ይዞ የሚነሳ ሰው መሐል መንገድ ላይ ይቀራል። ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል።

ከይስማ ንጉሥ የግመል ቅፍለት እስከ ሞተር

ውጫሌ በዓለም ታሪክ የታወቀችው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በአቅራቢያዋ በይስማ ንጉሥ በዳግማዊ ምኒልክና በጣሊያኑ መልእክተኛ በኮንት አንቶኔሊ መካከል በተፈረመው ውል ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ ያስከተለው ጣጣና የዓድዋ ድል በሁሉም ዘንድ ይታወቃል። ብዙ የማይወሳው ነገር በዚያን ዘመን የመንግሥታት ወዳጅነትም ሆነ ጠብ በግመል ጀርባ ይጓጓዝ የነበረ መሆኑ ነው። አንቶኔሊ ለሸዋ ያስመጣው የነበረው ጠመንጃ ከአሰብ ተነስቶ በአውሳ በኩል በግመል ቅፍለት ይመጣ ነበር።

የሞተር ጭነት ወደ ወሎ በብዛት የገባው በጠላት ወረራ ጊዜ ነው። የጣሊያን ጦር ደሴን ከያዘ በኋላ ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ከዚያው ተነስቶ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲገባ ከ1,600 የማያንሱ ተሽከርካሪዎችን አሰልፎ ነበር። ሆኖም ይህን ያህል ሞተር የያዘ ጦር በጣርማበር ዳገት ላይ ዝናብና ጭቃ ይዞት ተቸግሯል። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት ጣሊያኖች ከአስመራ በወልድያ፣ በውጫሌና በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰውን አውራ ጎዳና ሠሩ፤ የጣርማበርንም ተራራ በዋሻ በሱት። መንገዱ የተሠራው ለወራሪው ጦር ስንቅና ጥይት እንጂ ለአርሶ አደሩ እህል ታስቦ አልነበረም።

ከነጻነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቋመና መንገዶቹ ይጠገኑ ጀመር። ፊያት የጭነት መኪናዎች፣ በተለይም ሕዝቡ «ኤን ትሬ» እያለ የሚጠራቸው፣ ከነተሳቢያቸው ጎዳናውን ሞሉት። ካሶኒ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ባሌስትራ የሚሉት የሹፌሮችና የመካኒኮች ቃላት ከጣሊያንኛ መጥተው የአማርኛ ቃላት ሆነው የቀሩ ናቸው። «ተሳቢ» ግን የራሳችን ቃል ነው። ራሱ ሞተር የሌለው፣ ሌላው የሚስበው ማለት ነው።

እህሉ ጎዳና ላይ፣ ሰው ተራራ ላይ

አውራ ጎዳናው ያልፈታው ችግር በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ በግልጽ ታየ። በወሎ የተራበው ሕዝብ ከየተራራው እየወረደ በዋናው መንገድ ዳር ይሰበሰብ፣ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ እህል ይለምን ነበር። ወደ ጎዳናው የወረደው ሌላ የተስፋ መንገድ ስላልነበረው ነው።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ደግሞ ያው ነገር በከፋ መልክ ተደገመ። እርዳታው ወደብ ደርሶ ወደ ውስጥ የሚያስገባው የጭነት መኪና አነሰ። ከአሰብ በኮምቦልቻ በኩል የገባው እህልም ቢሆን ቀላሉ ጉዞው እስከ አስፋልቱ ዳር ድረስ ነበር። በኮረምና በሌሎች መጠለያዎች ብዙ ሺህ ሕዝብ የታጎረው እህሉ ወደ መንደሩ መሄድ ስላልቻለ መንደሩ ወደ እህሉ በመሄዱ ነው። መኪና በማይደርስባቸው ደጋማ ቦታዎች የእንግሊዝና የጀርመን አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል በከረጢት ጥለዋል። ደክሞ በእግሩ የተነሳው ሰው ሁሉ ግን መጠለያ አልደረሰም፤ በየመንገዱ የቀረው ብዙ ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት መራራ ቢሆንም ግልጽ ነው። ከአሰብ እስከ ኮምቦልቻ ያለው በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በመኪና ተሸፍኖ፣ ከአስፋልቱ እስከ ቀበሌው ያለው ጥቂት ኪሎ ሜትር ግን የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። በታሪካችን የነገሥታቱ መድፍ፣ የወራሪው ስንቅ፣ የነጋዴው ሸቀጥ እያንዳንዱ የሚያጓጉዘው አግኝቷል። ያቺ የመጨረሻዋ ጉዞ ግን ሁልጊዜ ለአርሶ አደሩና ለአህያው የተተወች ነበረች።

የመጨረሻዋ ጉዞ የማን ናት?

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ በኋላ፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ሲተካ፣ መሠረታዊ ማኅበራት በዩኒየን ተደራጅተው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የማቅረብ፣ የአባላትን ምርት የመሰብሰብ ሥራ በስፋት ይዘዋል። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተነሳው ጦርነት ምክንያት የአሰብ በር ሲዘጋ የአገሪቱ የማዳበሪያ መስመር ወደ ጅቡቲ ዞሯል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት የማኅበረሰብ ሥራ፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቀበሌዎችን ሁሉ በመንገድ ለማገናኘት በታቀደው የገጠር መንገድ ፕሮግራም አማካይነት መኪና የማያውቃቸው ብዙ ቀበሌዎች ጥርጊያ መንገድ አግኝተዋል።

መንገዱ ግን ብቻውን አያጓጉዝም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ መሠረታዊ ማኅበር ለአንድ የምርት ዘመን 300 ኩንታል ማዳበሪያ ተረከበ እንበል። ይህ ባለ 50 ኪሎ 600 ከረጢት ነው። አንድ አህያ አንድ ከረጢት ብትይዝ 600 ምልልስ ይሆናል። 30 ኩንታል የሚይዝ ተሳቢ ግን በ10 ምልልስ ይጨርሰዋል። ዝናብ ሲጥል ዘሩ ቀን አይሰጥም። ማዳበሪያው ከዘር ጊዜ አንድ ሳምንት ቢዘገይ ገንዘቡ ተከፍሎበት ጥቅሙ ይጎድላል። ስለዚህ የማጓጓዣው ነገር የምርት ጉዳይ ነው።

ገልባጭ ተሳቢ ከተራው የሚለየው ካሶኒው በሃይድሮሊክ ክሪክ ከፊት በኩል ተነስቶ ጭነቱን ወደ ኋላ የሚያፈስ በመሆኑ ነው። ለከረጢት ማዳበሪያ ይህ ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ ከረጢት አይገለበጥምና። ለአሸዋ፣ ለድንጋይ፣ ለአፈርና ለኮምፖስት ግን በአካፋ ረጅም ሰዓት የሚወስደውን ማራገፍ በደቂቃዎች ይፈጽማል። በእርከንና በመንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ በባሬላ የተሸከመ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ሲመረጥ ምን ይታይ?

አንደኛ፣ መንገዱ ይታይ። ወደ ሻጩ ከመሄድ በፊት ተሳቢው የሚመላለስበትን መንገድ በእግር መጓዝ ይገባል። ጠባቡ ኩርባ የቱ ነው? የቱ ቱቦ ወይም ድልድይ ነው ደካማው? ቁልቁለቱ የት ላይ ይበረታል? ባለ አንድ አክስል ተሳቢ በጠባብ ቦታ ይዞራል፤ ወደ ኋላ ለመንዳትም ይቀላል። ከጭነቱም ጥቂቱን በትራክተሩ ላይ ስለሚያሳርፍ የትራክተሩ የኋላ ጎማ መሬት እንዲቆነጥጥ ይረዳል። ባለ ሁለት አክስል ደግሞ ብዙ ይይዛል፤ ነገር ግን ሰፊ ቦታና የሠለጠነ ሹፌር ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ጭነቱ በክብደት እንጂ በዓይን አይገመት። ብዙ ተሳቢ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። 3 ሜትር ርዝመት፣ 1.8 ሜትር ወርድና 50 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ካሶኒ 2.7 ሜትር ኩብ ይይዛል። ይህን ካሶኒ ልቅ ጭድ ቢሞላው ክብደቱ ከአንድ ኩንታል ተኩል ብዙም አይበልጥም። ስንዴ ቢሞላው 21 ኩንታል ገደማ ይሆናል። ደረቅ አሸዋ ቢሞላው 43 ኩንታል፣ እርጥብ አሸዋ ቢሆን ከ50 ኩንታል በላይ ይደርሳል። ተሳቢው የተሠራው ለ30 ኩንታል ከሆነ ደረቅ አሸዋ ከ35 ሳንቲ ሜትር፣ እርጥቡ ደግሞ ከ28 ሳንቲ ሜትር በላይ መሞላት የለበትም። ስለዚህ በካሶኒው የውስጥ ግድግዳ ላይ የአሸዋ ልክ በቀለም ማስመር ጥሩ ዘዴ ነው። የሚጭነው ሰው ማንበብ ባይችል እንኳ መስመሩን ያያል።

ሦስተኛ፣ ፍሬኑ ይጠየቅ። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ከነጭነቱ 4 ቶን የሚመዝን ተሳቢ ትራክተሩን ከኋላ ወደ 400 ኪሎ ግራም በሚጠጋ ኃይል ይገፋዋል። ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከትራክተሩ ክብደት ሊበልጥ አይገባም። እንደ አምባሰል ባለ ቁልቁለት በበዛበት አገር ደግሞ የራሱ ፍሬን የሌለውን ተሳቢ በዋጋው ርካሽነት ብቻ መግዛት ቁጠባ አይባልም።

አራተኛ፣ ከትራክተሩ ጋር መስማማቱ ይረጋገጥ። የትራክተሩ ሃይድሮሊክ ሙሉ ጭነት ማንሳት መቻሉ ሳይፈተን ርክክብ መፈረም የለበትም። ካሶኒው ተጭኖ፣ ጥቂት ከፍ ብሎ ለ10 ደቂቃ ያህል ይቆይ። በራሱ ዝቅ የሚል ከሆነ ዘይት የሚያሳልፍበት ቦታ አለ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው ሥሩ መግባት የለበትም።

አምስተኛ፣ መለዋወጫውና ጥገናው ይታሰብ። ጎማው በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ገበያ የሚገኝ ልክ ነው? የክሪኩ ጎሚኒ ሲበላ ማን ይቀይረዋል? በትንሽ ዕቃ እጦት ቆሞ ሣር የበቀለበት የእርሻ መሣሪያ በብዙ ቦታ ታይቷል። የቆመ መሣሪያ ዕዳው አይቆምም።

በሥራ ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ

ተሳቢ ሲጫን ጭነቱ ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት ይመዝን። ወደ ኋላ ካዘነበለ መጎተቻውን ሽቅብ ያነሳል፤ ያኔ የትራክተሩ የኋላ ጎማ ይቀልና መያዣ ያጣል። የመጎተቻው ፒን በመቆለፊያ ይታሰር፤ የደኅንነት ሰንሰለትም ይኑረው።

ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት በከባድ ማርሽ መግባት ያስፈልጋል። መሐል ቁልቁለት ላይ ማርሽ ለመቀየር መሞከር ወይም በባዶ ማርሽ መልቀቅ ሕይወት ያስከፍላል። ቆሞ ሲጫን ጎማው በታኮ ይያዝ።

ሲገለበጥ መሬቱ ጠፍጣፋና ጠንካራ ይሁን። ከላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለመኖሩ ይታይ። የኋላ መዝጊያው ቀድሞ ይከፈት። እርጥብ አፈር ከካሶኒው ፊት ተጣብቆ ከቀረ ክብደቱ ላይ ተሰቅሎ ተሳቢውን ሊጥለው ስለሚችል፣ ካሶኒውን ዝቅ አድርጎ በረጅም እንጨት ማላቀቅ ይገባል እንጂ ትራክተሩን ወደ ፊት እየፈተለኩ ማራገፍ አይገባም። ለጥገና ከተነሳው ካሶኒ ሥር የሚገባ ሰው በጠንካራ ድጋፍ ሳያስደግፍ መግባት የለበትም። ሰውን በተሳቢ መጫንም ፈጽሞ መከልከል አለበት። ከገበያ የሚመለስ ሰው ደክሞት ቢለምንም ሹፌሩ እምቢ ማለት እንዲችል፣ ክልከላው በጠቅላላ ጉባኤ ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ከመሣሪያው ባልተናነሰ ደንቡም ጥገና ይፈልጋል። ማን ቀድሞ ይጠቀማል? ኪራዩ ስንት ነው? ከኪራዩ ለጎማና ለዘይት የሚቀመጠው ስንት ነው? መንገድ ዳር ያለው አባል በቀላሉ ሲጠቀም፣ ከመንገድ የራቀው ሁለት ጊዜ እንዳይበደል ምን ይደረግ? እነዚህ ጥያቄዎች ከግዢው በፊት ካልተመለሱ ተሳቢው የጋራ ሀብት መሆኑ ቀርቶ የጠብ ምክንያት ይሆናል።

ማጠቃለያ

ገልባጭ ተሳቢ በአምባሰል ተራራ ሁሉ ላይ አይወጣም። ጥርጊያ መንገድ ባልደረሰበት ጎጥ አህያዋ ገና ብዙ ዘመን ታገለግላለች። በዚያ ያለው አባል የሚጠቀመው ተሳቢው በሚደርስበት የመጨረሻ ቦታ ላይ ማራገፊያና አነስተኛ መጋዘን ሲሠራለት ነው፤ ያኔ የግማሽ ቀን ጉዞ የአንድ ሰዓት ይሆንለታል። የወረዳና የቀበሌ አመራሮችም ቱቦ የሰበረውን ጎርፍ ከክረምት በፊት በመጠገን የድርሻቸውን ሊወጡ ይገባል።

የሴባስቶፖል ጎታቾች ከጭነቱ በፊት መንገዱን ሠሩ። የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ደግሞ ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ጥቂት ኪሎ ሜትር ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል አሳየ። እነዚህን ሁለቱን ያስታወሰ ማኅበር ተሳቢ ሲገዛ ስለ ትልቅነቱ ከመጠየቁ በፊት ይህ ጎማ እስከ ማን ደጃፍ ይደርሳል፣ ከማን ጀርባ ላይ ሸክም ያወርዳል ብሎ ይጠይቃል። ሃምሳው ሎሚ ጌጥ የሚሆነው ለሃምሳውም ሲደርስ ነው።